ካራ ብላክ በክብር አዳራሹ ቦታ ይገባታል፦ ለዓለም አቀፉ የቴኒስ የክብር አዳራሽ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ዓለም አቀፉ የቴኒስ የክብር አዳራሽ
ለዕጩ አቅራቢ ኮሚቴና ለድምፅ ሰጪዎች
ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ

ግልባጭ፦ ለቴኒስ ወዳጆች ሁሉ

ጉዳዩ፦ የዚምባብዌዋ የጥንድ ጨዋታ ባለሙያ ካራ ብላክ ዳግም ለዕጩነት እንድትቀርብ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ2024 የክብር አዳራሹ ምርጫ በተጫዋቾች ዘርፍ ስድስት ዕጩዎች ቀርበው ነበር፤ እነርሱም ካርሎስ ሞያ፣ ዳንኤል ኔስተር፣ አና ኢቫኖቪች፣ ፍላቪያ ፔኔታ፣ ሊያንደር ፔስ እና ካራ ብላክ ናቸው። ከስድስቱ መካከል የሚፈለገውን ድምፅ አግኝቶ የክብር አባል የሆነው ሕንዳዊው ሊያንደር ፔስ ብቻ ነበር። ፔስ ክብሩ እንደሚገባው ለአፍታም አልጠራጠርም፤ ይህም ደብዳቤ በእርሱ መመረጥ ላይ የቀረበ ቅሬታ አይደለም። የምጽፈው ስሟ ከእርሱ ስም ጋር በአንድ ዝርዝር ሰፍሮ ስለቀረችው፣ ከእርሱም ጋር በአንድ ሜዳ ቆማ ሦስት የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች) ዋንጫዎችን ስላነሳችው ስለ ካራ ብላክ ነው። ጥያቄዬ ስሟ ዳግም ለድምፅ እንዲቀርብ፣ በሚቀርብበትም ጊዜ ሥራዋ ለጥንድ ተጫዋች በሚስማማ ሚዛን እንዲመዘን ነው።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ለጽሕፈት ቤታችሁ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብም የታሰበ በመሆኑ ነው። በተጫዋቾች ምርጫ ላይ ደጋፊዎችም ድምፅ እንዲሰጡ በራችሁን ከፍታችኋል። አማርኛ የሚያነብ የቴኒስ ወዳጅ ስለ ሴሬና ዊልያምስና ስለ ሮጀር ፌደረር ብዙ ሰምቷል፤ በአህጉሩ ተወልዳ፣ የአንዲት አፍሪካዊት ሀገርን ስም ይዛ የዓለም ቁጥር አንድ ስለሆነች ተጫዋች ግን እምብዛም አልተነገረውም። ስለዚህ እናንተ የምታውቁትን ጭምር እንደ አዲስ ብተርክ ቅር እንዳትሰኙ እጠይቃለሁ።

ካራ ብላክ የካቲት 1979 ሳልዝበሪ ተብላ ትጠራ በነበረችውና በኋላ ሐራሬ በተባለችው ከተማ ተወለደች። አባቷ ዶን ብላክ በ1950ዎቹ በዊምብልደን የተጫወተ ሰው ሲሆን፣ ሦስቱን ልጆቹን ባይረንን፣ ዌይንንና ካራን ያሠለጠነው ከከተማዋ ወጣ ብሎ አቮካዶ በሚመረትበት የቤተሰቡ እርሻ፣ በግቢው ውስጥ ባዘጋጀው የሣር ሜዳ ላይ ነበር። በሣር ላይ ኳስ ዝቅ ብላ ትነጥራለች፤ ተጫዋቹ ጉልበቱን ማጠፍ፣ ወደ መረቡ መፍጠን፣ ኳሷን መሬት ሳትነካ መምታት ግድ ይሆንበታል። ሦስቱም ልጆች በጥንድ ጨዋታ የግራንድ ስላም ባለድል መሆናቸው ከዚያ ሜዳ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አምናለሁ። ባይረን በ1994 ከአሜሪካዊው ጆናታን ስታርክ ጋር የፈረንሳይ ኦፕንን አሸንፎ በዚያው ዓመት በጥንድ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ። ዌይን ከሀገሩ ልጅ ከኬቨን ኡሌት ጋር በ2001 የአሜሪካ ኦፕንን፣ በ2005 የአውስትራሊያ ኦፕንን ወሰደ። ታናሿ ካራ ደግሞ ሁለቱንም በልጣ ሄደች።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ማንሳት ይገባኛል። ብላኮች ነጭ ዚምባብዌያውያን ናቸው፤ በቅኝ አገዛዙ ዘመን በሮዴዥያ የቴኒስ ሜዳ የማን እንደነበረ፣ በግቢው ሣር ተክሎ ልጆቹን ማሠልጠን የሚችለውም ማን እንደነበረ የታወቀ ነው። አብዛኛው የሀገሬው ልጅ ያላገኘውን ዕድል አግኝተዋል። ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ይሁንና ካራ ነጻ በወጣችው ዚምባብዌ ባንዲራ ሥር ከጅምር እስከ ፍጻሜ ተጫውታለች፤ ሀገሪቱ በችግር ስትናጥ፣ የሌላ ሀገር ዜግነት ወስደው የሚጫወቱ ባልደረቦች በዙሪያዋ እያሉ፣ በውጤት ሰሌዳ ላይ ከስሟ ጎን የምትጻፈውን ሀገር አልቀየረችም። የዚምባብዌ ማዕከላዊ ባንክ 100 ትሪሊዮን ዶላር የሚል የብር ኖት ባወጣበት በ2009 መጀመሪያ፣ በዓለም የጥንድ ደረጃ ሠንጠረዥ አናት ላይ ተጽፎ የነበረው የሀገር ስም ዚምባብዌ ነበር። በዚያ ሰሞን ከዚያች ሀገር ለዓለም ይሰማ የነበረው ዜና ምን ዓይነት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ለሕዝቡ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳዋል።

ወደ ሥራዋ ልግባ። ካራ በ1997 የዊምብልደንንና የአሜሪካ ኦፕንን የልጃገረዶች የነጠላ ውድድር አሸንፋ ወደ ዋናው ውድድር ስትገባ እንደ ማንኛውም ወጣት ተጫዋች በነጠላ ልቃ ለመውጣት አስባ ነበር። በ1999 እስከ 31ኛ ደረጃ ወጣች፤ በ2002 ሃዋይ ውስጥ በዋይኮሎዋ አንድ የነጠላ ዋንጫ አገኘች። ከዚህ በላይ በነጠላ አልሄደችም። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከሰባ ያነሰ ነው፤ በሰርቭ (ነጥቡን በሚያስጀምረው ምት) ኃይል ነጥብ የምትዘርፍ ተጫዋችም አልነበረችም። በዚያን ዘመን ረጃጅምና ኃይለኛ መቺዎች የነጠላውን ውድድር እየተቆጣጠሩት ሲመጡ፣ እርሷ ያላትን ችሎታ ሙሉ በሙሉ የሚፈልገውን የጨዋታ ዓይነት አገኘች።

ያ ጨዋታ ምን እንደሚጠይቅ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የነጠላ ሜዳ ስፋት 8.23 ሜትር ሲሆን በጥንድ ጨዋታ በሁለቱም ጎን 1.37 ሜትር ተጨምሮበት 10.97 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ የጨመረው በሦስት ሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ተጫዋቹ ግን እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ጠባብ ነው፤ ኳሷም ቶሎ ትመለሳለች። አንዷ ተጫዋች ከኋላ መስመር ሰርቭ ልትመታ ስትዘጋጅ ተጣማሪዋ መረቡ አጠገብ ዝቅ ብላ ትቆማለች፤ ተጋጣሚዎቹ እንዳያዩባት እጇን ከጀርባዋ አድርጋ በጣቶቿ ምልክት ትሰጣለች። ምልክቱ ሰርቩ ወደ የት ይምጣ፣ እኔስ ልሻገር ወይስ ቦታዬን ልያዝ የሚል ነው። ኳሷ ተመትታ ስትመለስ፣ መረቡ ላይ ያለችው ከመላሿ ትከሻ ላይ አንብባ በእርምጃ ቀድማ መሻገር አለባት። ግማሽ እርምጃ ከቸኮለች ጎኗ ይከፈታል፤ ግማሽ እርምጃ ከዘገየች ኳሷ ታልፋታለች። ካራ ብላክ በዚህ ቅጽበት ላይ ነበር የዓለም ቀዳሚ የነበረችው። እጇ ፈጣን ነው፤ ዝቅ ያለች ኳስ ከእግሯ ሥር አንስታ መረቡን ታሳልፋለች፤ ወደ ላይ የተላከን ኳስ ተመልሳ ሮጣ ትደርስበታለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጣማሪዋ ምን ልትመታ እንደሆነ ቀድማ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ነገር በቴሌቪዥን ለሚመለከት ሰው በቀላሉ አይታይም። ካሜራው ኳሷን የሚመታውን ሲከተል፣ በመሻገር ብቻ ተጋጣሚዋን አስፈራርታ ስሕተት ያስመታችው ተጫዋች ከምስሉ ውጭ ትቀራለች።

አሁን ውጤቱን ተመልከቱ። ካራ በጠቅላላው አሥር የግራንድ ስላም ዋንጫዎችን አንስታለች፤ አምስቱ በሴቶች ጥንድ፣ አምስቱ ወንድና ሴት በሚጣመሩበት በድብልቅ ጥንድ ናቸው። በሴቶች ጥንድ ዊምብልደንን በ2004፣ በ2005 እና በ2007፣ የአውስትራሊያ ኦፕንን በ2007፣ የአሜሪካ ኦፕንን በ2008 አሸነፈች። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች የቀራት ፓሪስ (የፈረንሳይ ኦፕን) ብቻ ስትሆን፣ እዚያም በ2005 ለፍጻሜ ደርሳ ነበር። በድብልቅ ጥንድ ደግሞ አራቱንም ሞልታለች፤ ከወንድሟ ከዌይን ጋር ፓሪስን በ2002 እና ዊምብልደንን በ2004፣ ከሊያንደር ፔስ ጋር የአሜሪካ ኦፕንን በ2008፣ የአውስትራሊያ ኦፕንን እና ዊምብልደንን በ2010። በሴቶች የውድድር ማኅበር ሥር ያገኘቻቸው የጥንድ ዋንጫዎች 60 ናቸው። በጥንድ የዓለም ቁጥር አንድ ሆና 163 ሳምንታት ቆይታለች፤ ከውድድር በወጣችበት ጊዜ በዚህ የሚበልጧት ማርቲና ናቭራቲሎቫና የራሷ ተጣማሪ የነበረችው ሊዝል ሁበር ብቻ ነበሩ።

ከእነዚህ ዓመታት ሁለቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመጀመሪያው የ2004 ዊምብልደን ነው። በዚያ ውድድር ካራ ከአውስትራሊያዊቷ ሬኔ ስተብስ ጋር የሴቶችን ጥንድ አሸነፈች፤ በፍጻሜው ያሸነፏቸው ሊዝል ሁበርንና ጃፓናዊቷን አይ ሱጊያማን ነበር። በድብልቅ ጥንድ ፍጻሜ ደግሞ ካራና ዌይን አሊሺያ ሞሊክንና ቶድ ውድብሪጅን ገጠሙ። ውድብሪጅ በዊምብልደን የወንዶች ጥንድ ዘጠነኛ ዋንጫውን በዚያው ዓመት ያነሳ ሰው ነው፤ እናንተም በ2010 ከማርክ ውድፎርድ ጋር በአዳራሻችሁ ውስጥ አስገብታችሁታል። ወንድምና እህቱ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ተሸንፈው ሁለተኛውን በታይብሬክ (6 ለ 6 ሲሆን በሚደረገው መለያ) ወሰዱ፤ ሦስተኛውንም 6 ለ 4 ዘጉት። አባታቸው በግቢው ሣር ላይ ያስተማራቸው ሁለት ልጆች፣ በዓለም ትልቁ የሣር ሜዳ ላይ፣ በዘመኑ ወደር የሌለውን የጥንድ ተጫዋች አሸነፉ ማለት ነው።

ሁለተኛው የ2008 የአሜሪካ ኦፕን ነው። ካራና ሊዝል ሁበር የሴቶቹን ጥንድ ፍጻሜ ሊዛ ሬይመንድንና ሳማንታ ስቶሰርን አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በዚያው ውድድር የድብልቅ ጥንድ ፍጻሜ ላይ ግን ካራና ፔስ የገጠሙት ጄሚ መሪንና ይህችኑ ሊዝል ሁበርን ነበር። ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመው የእጅ ምልክት የተለዋወጡ ሁለት ሴቶች በመረቡ ሁለት ጎን ተሰለፉ፤ አንዷ የሌላዋን ሰርቭ፣ የሌላዋን ልማድ፣ ሲጨንቃት የምትመርጠውን ምት በቃሏ ታውቃለች። ካራና ፔስ የመጀመሪያውን ዙር በታይብሬክ፣ ሁለተኛውን 6 ለ 4 አሸነፉ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሁበር በዊምብልደን ፍጻሜ በተቃራኒው ጎን እንደነበረች፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከካራ ጋር ተጣምራ ይህንኑ ዋንጫ እንዳነሳች እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ሙያው እንዲህ ያለ ነው፤ ዛሬ ያሸነፍሻት ነገ ተጣማሪሽ ትሆናለች፤ የተጣመርሻትም ከነገ ወዲያ ከመረቡ ማዶ ትጠብቅሻለች።

ይህ ነገር ወደ ዋናው መከራከሪያዬ ያመጣኛል። አንድ ገበሬ ጥማድ በሬ ሲገዛ የአንዱን በሬ ጉልበት ለብቻው አይቶ አይረካም፤ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚሄድ ያያል። የጥንድ ተጫዋችም መለኪያ ይኸው መሆን አለበት። ካራ የግራንድ ስላም ዋንጫዎቿን ያገኘችው ከአራት የተለያዩ ተጣማሪዎች ጋር ነው፤ ከአውስትራሊያዊት፣ ደቡብ አፍሪካ ተወልዳ በኋላ አሜሪካዊት ከሆነች ሴት፣ ከወንድሟና ከሕንዳዊ ጋር። ከእነርሱ በፊት ከሩስያዊቷ ኤሌና ሊኮቭትሴቫ ጋር በ2000 የአሜሪካ ኦፕን ለፍጻሜ ደርሳለች። እነዚህ ሰዎች በአጨዋወትም በጠባይም አይመሳሰሉም። ፔስ መረቡ ላይ ሲወናጨፍ የሚያስፈራ፣ ስሜቱን በአደባባይ የሚያሳይ ተጫዋች ነው፤ ሁበር ከኋላ መስመር ኳስ በኃይል የምትልክ ናት። በሁሉም ዘንድ ሳይለዋወጥ የሚገኘው ካራ ናት።

ለምን ይህን ያህል ተጣማሪ ከውጭ ፈለገች ቢባል፣ መልሱ በሀገሯ ለእርሷ የሚመጥን ሴት ተጫዋች ስላልነበረ ነው። ይህን ጉዳይ ድምፅ ሰጪዎች ረጋ ብለው እንዲያጤኑት እለምናለሁ። የአሜሪካ፣ የሩስያ፣ የስፔን ወይም የቻይና የጥንድ ተጫዋች በሀገሯ ውስጥ ተጣማሪ ታገኛለች፤ ከዚያች ጋር ለኦሎምፒክ ትሄዳለች፤ ለሀገራት ውድድርም ትሰለፋለች፤ እነዚህ ድሎች በኋላ እናንተ ፊት በሚቀርበው ማኅደር ውስጥ ክብደት ያገኛሉ። በቤጂንግ ኦሎምፒክ ዓመት በ2008 የዓለም ቁጥር አንድ ጥንድ ካራ ብላክና ሊዝል ሁበር ነበሩ። ነገር ግን አንዷ የዚምባብዌ፣ ሌላዋ የአሜሪካ በመሆናቸው በአንድ ላይ መጫወት አልቻሉም፤ ሁበር ለአሜሪካ ከሊንዚ ዳቬንፖርት ጋር ተጣመረች። በዓለም ላይ ምርጥ የሆነው ጥንድ፣ በዓለም ላይ ትልቁ በሆነው የስፖርት መድረክ ላይ እንዳይኖር ሕጉ ራሱ አገደው። የካራ ማኅደር ላይ የኦሎምፒክ ሜዳልያ የለም፤ የለም ብሎ ነጥብ መቀነስ ግን በትንሽ ሀገር መወለድን መቅጣት ይሆናል።

ወንድሞቿ በዚህ ረገድ ከእርሷ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ባይረንና ዌይን በወንዶች የሀገራት ውድድር በዴቪስ ካፕ ዚምባብዌን ይዘው በ1998 አውስትራሊያን በራሷ ምድር አሸንፈዋል፤ በ2000 ደግሞ አንድሬ አጋሲ የተሰለፈበትና ጆን ማኬንሮ በአምበልነት የመራው የአሜሪካ ቡድን ሐራሬ ድረስ መጥቶ 3 ለ 2 ብቻ ነው ያሸነፋቸው። ሁለት ወንድማማቾች ቡድን ሊሆኑ ይችላሉ። አንዲት ሴት ብቻዋን ግን ቡድን መሆን አትችልም።

ሊቀርብ የሚችለውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ በነጠላ የላቁት ተጫዋቾች ጥንድ እምብዛም ስለማይጫወቱ የጥንድ ዋንጫ ይቀላል የሚል ነው። ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚመስል ነገር በካራ ታሪክ ውስጥም አለ፤ በ2009 የአሜሪካ ኦፕንና በ2010 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ካራና ሁበር በዊልያምስ እህትማማቾች ተሸንፈዋል። ሽንፈት ነው፤ ልሸፍነው አልፈልግም። ነገር ግን እነዚያን እህትማማቾች በግራንድ ስላም የጥንድ ፍጻሜ ያሸነፈ ማንም የለም፤ ሁለቱ በአንድ ላይ የገቡባቸውን የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች ሁሉ አሸንፈዋልና። በእነርሱ መሸነፍ መለኪያ ከሆነ ዘመኑ በሙሉ ወድቋል። በሌላ በኩል በ2005 የዊምብልደን ፍጻሜ ካራና ሁበር የገጠሙት ስቬትላና ኩዝኔትሶቫንና አሜሊ ሞሬስሞን ነው። ኩዝኔትሶቫ ከዓመት በፊት የአሜሪካ ኦፕንን በነጠላ ያሸነፈች፣ ሞሬስሞ በነጠላ የዓለም ቁጥር አንድ የነበረችና በዓመቱ ዊምብልደንን በነጠላ የወሰደች ተጫዋቾች ናቸው። ውጤቱ 6 ለ 2 እና 6 ለ 1 ነበር። የነጠላ ታላላቆች ጥንድ ሲጫወቱ የሚሆነውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጨዋታ በቂ ይመስለኛል።

ደግሞም ጥንድ በራሱ ለክብር እንደሚያበቃ የወሰናችሁት እናንተው ናችሁ። በ2010 ውድብሪጅንና ውድፎርድን፣ ጂጂ ፈርናንዴዝንና ናታሻ ዝቬሬቫን አስገባችሁ፤ በ2025 ቦብና ማይክ ብራያንን ከማሪያ ሻራፖቫ ጋር ተቀበላችሁ። መልካም አደረጋችሁ። የእነዚህ ጥንዶች ስም ሁልጊዜ በአንድ ላይ ስለሚጠራ ለማስታወስም ለመምረጥም ይቀላል፤ የተጣመሩትም አብዛኛውን ዘመናቸውን በአንድ ላይ ነው። ተጣማሪዋ የተለዋወጠባት ተጫዋች ግን ስሟ በየቦታው ተበትኖ ይቀራል፤ አንዱ ዋንጫ ከስተብስ፣ ሌላው ከሁበር፣ ሌላው ከፔስ ስም ጋር ይነበባል። የሰው ልብም ከጎኗ ያለውን ስም ይዞ ይሄዳል። በ2024 የሆነው ይህ ይመስለኛል። ፔስ ሲመረጥ ከተጠቀሱለት የድብልቅ ጥንድ ዋንጫዎች መካከል ሦስቱ ግማሻቸው የእርሷ ነበሩ።

ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታቷም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ማኅደሯን የሚያነብ ሰው ይህን ክፍል ቸኩሎ እንዳያልፈው እሰጋለሁ። ከሁበር ጋር የነበረው ጥምረት በ2010 አበቃ። በ2012 ካራ ልጅ ወለደችና ከውድድር ራቀች። ያኔ ዕድሜዋ 33 ነበር፤ ያላገኘችው ነገር ጥቂት ስለሆነ ቢበቃኝ ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። ተመልሳ መጣች። በ2013 መገባደጃ ከሕንዳዊቷ ሳኒያ ሚርዛ ጋር ተጣምራ ወዲያውኑ ቶኪዮንና ቤጂንግን አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት የውድድር ዘመኑ መዝጊያ በሆነው የሲንጋፖር ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ፣ ያለፈው ዓመት ባለድሎች የነበሩትን ሲዬ ሱ-ዌይንና ፔንግ ሹዋይን 6 ለ 1 እና 6 ለ 0 አሸነፉ። እናት የሆነች የ35 ዓመት ሴት፣ በዓመቱ ምርጥ ከተባሉት ጥንዶች መካከል በተደረገ ፍጻሜ ለተጋጣሚዎቿ አንድ ጌም ብቻ ለቀቀች። ይህንኑ ሻምፒዮና ከሁበር ጋር በ2007 እና በ2008 ወስዳው ነበር። ሚርዛ በበኩሏ ከዚያ በኋላ ከማርቲና ሂንጊስ ጋር ተጣምራ በ2015 የዓለም ቁጥር አንድ ሆነች። ሚርዛ በራሷ ታላቅ ተጫዋች ናት፤ ከካራ ጋር ባሳለፈችው ዓመት ግን በትልቅ መድረክ ላይ ማሸነፍን እንደተለማመደች ማየት አያስቸግርም።

ለአማርኛ አንባቢዎቼም አንድ ቃል አለኝ። በአዲስ አበባ የቴኒስ ክበቦች ዙሪያ ኳስ እያቀበሉ ያደጉ፣ በኋላም ተጫዋችና አሰልጣኝ የሆኑ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ሜዳው ጥቂት፣ ተጫዋቹ ብዙ በሆነበት ስፍራ አንድ ሜዳ ለአራት ይሰጣል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ቴኒስ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ማለት ነው። ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ የምናውቀው ሆነን ሳለ፣ ስናወራ ግን የነጠላ ባለድሎችን ብቻ እናወራለን። ካራ ብላክ የሠራችው ሥራ እኛ በየቅዳሜው ልንሠራው የምንሞክረው ነው፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወጣት፣ በተለይም ቁመት ስለሌላት ቴኒስ አይሆነኝም የምትል ልጅ፣ የ2007 የዊምብልደንን ፍጻሜ ፈልጋ ትመልከት። ካራና ሁበር የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ከተሸነፉ በኋላ ካታሪና ስሬቦትኒክንና አይ ሱጊያማን 6 ለ 3 እና 6 ለ 2 ሲመልሱ፣ ኳሷን ሳይሆን መረቡ ላይ የቆመችውን አጭሯን ሴት እግር ትከተል።

ክቡራንና ክቡራት፣ አንድ ዕጩ ለመመረጥ ከሚሰጠው ድምፅ 75 በመቶ ማግኘት እንዳለበት አውቃለሁ፤ መስፈርቱ ከፍ ማለቱንም እደግፋለሁ። እንዲቀልላት አልጠይቅም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴው ስሟን ዳግም እንዲያቀርብ፤ በሚቀርብበት ጊዜ አሥሩ ዋንጫዎች፣ 60ዎቹ ድሎችና 163ቱ ሳምንታት በየተጣማሪው ስም ሳይበታተኑ በእርሷ ስም ሥር በአንድነት ለድምፅ ሰጪዎች እንዲታዩ፤ የኦሎምፒክና የሀገራት ውድድር ውጤት በሚመዘንበትም ጊዜ ተጣማሪ ከሌለባት ሀገር የመጣች ተጫዋች መሆኗ በጽሑፍ እንዲገለጽ። ደጋፊዎች ድምፅ የሚሰጡበት ጊዜ በደረሰ ጊዜም ይህን ደብዳቤ ያነበባችሁ ሁሉ ስሟን ፈልጋችሁ ድምፃችሁን እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ ኢትዮጵያዊ የቴኒስ ወዳጅ
አዲስ አበባ